ገለጥን፣ ገለጠን

ያን ዓረፍተ ነገር ማን ነው ያለው? እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰማሁበትን ሳሎን አውቃለሁ፤ ከካውያዬ ሥር የነበረችው የትራስ ልብስ ምን ዓይነት አበባ እንደነበራት እንኳ ልነግራችሁ እችላለሁ። አፉን ከፍቶ የተናገረውን ሰው ግን ፈልጌ አጣሁት። እኔ ደግሞ «ይሁን» ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ሰው «እንዲህ የሚል ነገር አለ» ሲለኝ፣ የት ነው ያለው፣ ማን አለው፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የምል ነኝ። ለዚህ ነው ነገሩ እንዲህ የከረመብኝ።

ካይሮ፣ ሞሃንዲሲን ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት እመቤት ዘንድ እሠራለሁ። ሐጋ እላቸዋለሁ፤ እዚህ አገር በዕድሜ የገፋችን ሴት በአክብሮት የሚጠሯት እንዲህ ነው። ባላቸው ጠበቃ ነበሩ። ሲሞቱ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ትተውላቸዋል፤ የሐጋ ዓይን ግን ደክሟል። ስለዚህ መጽሐፉ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሳቸው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። ተከታታይ ድራማ አይወዱም። የሚወዱት ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን የውይይት ፕሮግራም ነው። አዘጋጇ ሴት ናት፤ የአገር ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ትጋብዛለች፤ እንግዳው መጽሐፍ ጽፎ እንደሆነ መጽሐፉ በመካከላቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ክርክሩ ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል።

መጀመሪያ አካባቢ አንድም ነገር አይገባኝም ነበር። የኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፤ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ማሌሽ፣ ማለትም ግድ የለም። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ደግሞ የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው የሚናገሩት። ሐጋ ከዓረብኛ ወደ ዓረብኛ ይተረጉሙልኝ ጀመር። «ያዕኒ፣ ሰውየው ዋሽቷል እያለችው ነው፤ ግን በጨዋ ደንብ» ይሉኛል። እኔም ልብስ እየተኮስኩ፣ ባቄላ እየፈለፈልኩ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ትልቅ ሹመት የነበረው ሰው ቀርቦ ሲናገር፣ አዘጋጇ የገዛ መጽሐፉን አነሣችና «እዚህ ገጽ ላይ የጻፉት ግን ሌላ ነው» አለችው። ሰውየው ላብ አጠመቀው። አጃኢብ! ወታደር አልመጣ፣ ችሎት አልተሰየመ፤ ራሱ የጻፈው አንድ መስመር ነው አንቆ የያዘው። የባቄላውን ሳህን ታቅፌ ቀረሁ። ባደግሁበት አገር ባለሥልጣን የሚፈራው በላዩ ያለውን ነው፤ ሰው የራሱን ወረቀት ሲፈራ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ስለ ወንዙ የተነሣ እንደሆነ ሐጋ በዓይናቸው ጠርዝ ያዩኛል። «ዛሬ የውሃ ቀን ነው» ይላሉ፤ «ሂጂ ሻይ አፍዪልን፣ እስክትመለሺ ይጨርሱታል።» አይጨርሱትም። ሻዩ ተጠጥቶ ያልቃል፣ እነሱ ገና ናቸው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካይሮ መጥቼ ነው፣ ትልቅ ሴት ሆኜ። በየዓርቡ አባሲያ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቢሮዎች ጀርባ ባለች ክፍል እንማራለን። አስተማሪያችን አገር ቤት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቄስ አይደሉም፤ ግን የኔታ እንላቸዋለን። አንዲት ፊደል ያጣመምን እንደሆነ ጎንበስ ይሉና፣ «የኔ እመቤት፣ የዚህችን እግር ማን ሰበራት? ወጌሻ እንጥራ?» ይላሉ። ሌሎቹ ይሸማቀቃሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ነው የምወደው።

የኔታ አንድ ሥርዓት አላቸው። በየሳምንቱ ተረኛ የሆነ ሰው፣ ካነበበው ወይም ከሰማው የደነቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከሥሩ የባለቤቱን ስም ያኖራል። «ባለቤቱን ሳታውቁ ቃል አታምጡ» ይላሉ። «ሌባ እንኳ ሲገባ ቤቱ የማን እንደሆነ አውቆ ነው።» የኔ ተራ ሲደርስ እስከ ገጹ ድረስ ስለምናገር ይስቁብኛል። ሀረም ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ደባሌ፣ ፀጉር ሠሪ ናት፣ አንድ ላይ ነው የምንማረው። «እሷን ቀብር ብትልኳት ሟቹ ስንተኛ ረድፍ ላይ እንደተኛ ጽፋ ትመጣለች» ብላ ክፍሉን አስቃብኛለች።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

እንግዳው ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። የችሎት ዘመናቸውን የጻፉበት መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አዘጋጇ፣ ዕድሜ ልክዎን የሰው መዝገብ ሲያነቡ ኖረው ምን አተረፉ ብላ ጠየቀቻቸው። ዳኛው እጃቸውን መጽሐፋቸው ላይ አሳረፉ። እኔ የትራስ ልብሷን ጠርዝ እየተኮስኩ ነበር። ያኔ ሰማሁት፦

«እኛ መጽሐፍ ገለጥን እንላለን፤ መጽሐፉ ግን ገለጠን።»

ካውያውን አቆምኩት። ሐጋም «አላህ!» አሉ፤ የካይሮ ሰው ነገር ሲመስጠው እንዲህ ነው የሚለው።

ያነበበ ሰው ይህን አንዴ ሰምቶ አያልፈውም። መጀመሪያ ላይ ሳድሷ ጥ አለች፤ ገላጮቹ እኛ ነን፣ ባለ እጅ፣ ባለ ሥልጣን። ሁለተኛው ላይ ግዕዟ ጠ ትመጣለች፤ እኛው ራሳችን ሽፋናችን ተነሥቶ ቅጠል በቅጠል ተገልጠን እንቀመጣለን። በመካከላቸው ያለው አንዲት ፊደል፣ አንዲት የአፍ እንቅስቃሴ ናት። የኔታ አንዲት ፊደል ሰው ትገድላለች ሲሉ የሚያጋንኑ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት አንዲት ፊደል ሰውን ገልብጣ ከአንባቢ ወደሚነበብ ነገር ስትለውጠው ሰማሁ።

ማታ ወደ ሀረም ስመለስ ማይክሮባስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ደጋገምኩት። ገለጥን፤ ገለጠን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጸሎት የማደርስ መስሏት ዘንቢሏን ሰብሰብ አደረገችልኝ። ጊዛ አደባባይ ላይ መኪናው እንደልማዱ ቆመ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰማሁት በአማርኛ ነው። ዳኛው ደግሞ የተናገሩት በዓረብኛ ነው።

በማግስቱ ሐጋን ጠየቅኋቸው።

«ሐጋ፣ ትናንት ዳኛው ስለ መጽሐፍ ያሉት ምን ነበር?»

«ብዙ አሉ፣ ያ ቢንቲ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

«እርስዎ ‹አላህ› ያሉበትን ማለቴ ነው።»

አሰቡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሎሚ ጭማቂው ይሆናል» አሉ። «ትናንት ስኳሩ ልክ ነበር።»

ከሐጋ ተስፋ ቆረጥኩና የዳኛውን መጽሐፍ ልፈልግ ተነሣሁ። የእግረኛ መንገድ ላይ መጽሐፍ የሚዘረጋ ሰው አግኝቶ አመጣልኝ። ይዤ ስገባ ሐጋ ሽፋኑን ዳበሱት፤ ማን እንደጻፈው ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «በይ አንብቢልኝ።»

«ሐጋ፣ እኔ የእናንተን ፊደል አላውቅም።»

«የራስሽን ስታውቂ ተወልደሽ ነው? ኸላስ፣ በቃ፣ ነይ ተቀመጪ።»

በደከመ ዓይናቸው አጉሊ መነጽር ይዘው፣ በጣታቸው እያስነኩ አስተማሩኝ። ከቀኝ መጀመሩን ቶሎ ለመድኩት። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ አብዛኛው ድምፅ አይጻፍም! እኛ ዘንድ እያንዳንዷ ፊደል ድምፅዋን አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትወጣው። እዚህ አጥንቱን ይጽፉልህና ሥጋውን አንተ ታለብሰዋለህ። በመጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ፤ እንዲያውም ተናደድኩ። ቆይቶ ግን፣ ጸሐፊው አንባቢውን ምን ያህል ቢያምነው ነው ብዬ ተደነቅሁ። ሰው የማያውቀውን ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ያምናል?

ገጽ ሲያልቅ ሐጋ «አልቢ» ይሉኛል። ገልብጪ ማለት ነው በካይሮ አነጋገር፤ በኔ ጆሮ ግን የምትታለብ ላም ቤቱ ውስጥ የቆመች ይመስላል። የብርዱን ወራት ሁሉ እንዲህ አለብን። አንድ ገጽ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ዳኛው፣ ማንበብ የማትችል አንዲት ሴት ቃሏ ሲነበብላት ቆማ ሰምታ፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም፣ ጣቷን ከወረቀቱ ለማንሣት መዘግየቷን ጽፈዋል። ማንበቡን አቆምኩ። እኔም እንዲያ ጣቴን ነክሬ አውቃለሁ፤ እኔም ዘግይቻለሁ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ ከችሎት ወንበር ላይ ሆነው ያን መዘግየት አይተውት ኖረዋል!

«ለምን ዝም አልሽ?» አሉ ሐጋ።

«ቃሉ ከብዶኝ ነው።»

«እንግዲያው ቀስ በዪ። የት እንሄዳለን?»

መጽሐፉ አለቀ። የኔ ዓረፍተ ነገር የለበትም። ተመልሼ ከመጀመሪያው ፈለግሁ፤ የለበትም።

አንድ ዓርብ ከትምህርት መልስ፣ ቤት ውስጥ ደባሌ የሰው ፀጉር መጎንጎኛዋን ስታጥብ ጠየቅኋት። ስለ ዓረፍተ ነገሩ አልነገርኋትም፤ ቃሉን ብቻ ነው የጠየቅሁት። የመንደሩን ዓረብኛ ከኔ ይልቅ እሷ ናት የምታውቀው።

«መጽሐፍ ገለጠ ለማለት ምን ትያለሽ?»

«አለብ።»

«የተሸፈነን ነገር መግለጥስ?»

«ከሸፍ።» አለችና ቀና አለች፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «እዪማ፣ በአማርኛ ስሚው! መጽሐፉን አለብነው፣ ከሸፈ! ወይ አንቺ ሴት፣ ብርዱን ሙሉ ከአሮጊቷ ጋር ስታልቢ ከርመሽ ወተቱ ከሸፈብሽ በይኛ!»

እኔም ሳቅሁ። መሐል ላይ ሳቄ ቆመ። በዓረብኛ ሁለቱ ቃላት ዘመድ አይደሉም ማለት ነው። ገጽ የሚገልጠው ቃል ሰውን አይገልጥም። የአንዲት ፊደል ነገር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ዳኛው ያን ሊሉት ቢፈልጉ እንኳ የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ያን የዳኛውን ፕሮግራም እንደገና ማየት ነበረብኝ።»

«ታዲያ ስልክ ላይ አለ እኮ! በመጽሐፍ ከምትደርቂ አትጠይቂኝም?» እጇን ጠረገችና አወጣችልኝ።

አየነው። አዘጋጇ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ዳኛው እጃቸውን መጽሐፋቸው ላይ አሳረፉ። ዝም አሉ። እሷም አላቻኮለቻቸውም፤ ጠበቀቻቸው። ብርጭቆውን አነሡ፤ ውሃ ጠጡ፤ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ «ብዙ ሰው አሳዘነኝ» አሉ። ይኸው ነው።

«ውሃ ነው የጠጡት» አለች ደባሌ። «ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ምንም።»

ያን ቀን ከቤት ወጥቼ ብቻዬን ሄድኩ። የሀረም መንገድ እንደወትሮው ጡሩምባና አቧራ ነበር፤ ለኔ ግን ያ ዝምታ ነው የሚሰማኝ። ሁለት ሰዎች በሰው ሁሉ ፊት ተቀምጠው፣ አንዱ ሲያስብ ሌላይቱ ስትጠብቅ፣ የኔ ዓረፍተ ነገር እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ነበር። በየት በኩል ገባ?

የቀረኝ አንድ ተስፋ ነበር፤ በአማርኛ አንብቤው ረስቼው ይሆናል። ክፍላችን ጥግ ላይ፣ አየር መንገድ የምትሠራ ሴት በየጊዜው ያመጣችልን መጻሕፍት የተሞላ ካርቶን አለ። ያነበብኋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለስኩባቸው። ያን ያህል ብዙ አይደሉም። የለም።

እንግዲህ አስቡት። ቃሉ የሌላ ሰው ከሆነና የኔ ነው ካልኩ፣ ሰርቄአለሁ። የኔ ከሆነ ደግሞ፣ ይኸው ስንት ዘመን አብሬያት የምበላ የምጠጣ፣ የማላውቃት ሴት ውስጤ ተቀምጣለች ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራኝ አላውቅም ነበር። ሰው ውስጡ ያላስቀመጠው ነገር ሲወጣ ምን ይባላል? ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም፤ ካሰፈርኩት የኔ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሰሌዳ ላይ የምጽፍበት ተራ ሲደርሰኝም የሌላ ሰው ቃል፣ ከነስሙ ከነገጹ፣ አመጣ ነበር። ሁሉም ያጨበጭባሉ። እኔ ግን አፌ ውስጥ ያለውን ውጬ እቀመጣለሁ፤ ሐሰተኛ የሆንኩ እየመሰለኝ።

የተናገርኩት በአንድ ዓርብ ነው። ተራዬ ነበር። ቀደም ብዬ ደረስኩ፤ የኔታ ብቻቸውን ወንበር ያስተካክላሉ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ዞር አሉና ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሁለቱንም «ገለጥን» ብለው።

«የኔ እመቤት» አሉ፣ ጠመኔ እያነሡ፤ «መጨረሻዋ ላይ ያለችዋን ፊደል ተሳስተሻል።»

እጃቸው ፊደሏ ላይ ሊደርስ ነበር።

«አይ፣ የኔታ። አልተሳሳትኩም።»

እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። እጃቸው ባለበት ቀረ። መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና እንደገና አነበቡት፤ ያሁኑ በዝምታ ነበር። ከንፈራቸው መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ሲከፈት አየሁ። ጠመኔውን አስቀመጡ።

«የማን ነው?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኋቸው። ካውያውን፣ ዳኛውን፣ ሎሚውን፣ ብርዱን ሙሉ ማንበቤን፣ ውሃ መጠጣታቸውን። ስናገር ሰዎች እየገቡ ይቀመጣሉ፤ አላቆምኩም። ደባሌም ገብታ ቆማ ሰማች፤ ለአንድ ጊዜ አፏን ዘግታ።

«ባለቤቱን ስላላወቅሁት አላመጣሁትም ነበር» ብዬ ጨረስኩ።

የኔታ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አገር ቤት የባከነ ከብት ያገኘ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ያስለፍፋል።»

«ደብቆ ያስረዋል?»

«አያስረውም። ካሰረው ሌባ ነው።»

«ታዲያ ይኸን ያህል ጊዜ አስረሽ ምን ትሠሪያለሽ? ልፈፊ!»

ወደ ክፍሉ ዞርኩ። አነበብኩላቸውና፣ የዚህን ቃል ባለቤት የሚያውቅ ካለ ይናገር አልኩ።

«እኔ ነኝ ብልስ?» አለች ደባሌ።

«ምልክቷን ተናገሪያ!» አሏት የኔታ። «ያለ ምልክት ከብት አይወሰድም።»

«ምልክቷማ...» ሰሌዳውን አየች፤ ሳቀች፤ ተወችው። «እሷ ትናገር። እሷ ናት የምታውቃት።»

ስለ ሳድሷና ስለ ግዕዟ ተናገርኩ፤ ገላጩ እንዴት ተገላጭ እንደሚሆን፣ የሰማሁበትን ጸጥታ ጭምር። ስጨርስ፣ የኔ ናት ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። የኔታም የባለቤቱን ስም ጻፊ አላሉኝም፤ አትጻፊም አላሉኝም። ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ሰዎቹ ደብተራቸውን አውጥተው መገልበጥ ጀመሩ። የእርሳሱን ድምፅ ቆሜ ሰማሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠች አንዲት አዲስ ተማሪ ሁለቱንም በጥ ጻፈቻቸው። የኔታ አጠገቧ ሄደው ጎንበስ አሉና፣ «ሁለተኛዋ ጠ ናት፣ የኔ እመቤት» አሏት፤ «ሰሌዳው ላይ እንዳለችው አድርገሽ ጻፊያት።»